የባቲ ሰኞና የላብራቶሪው ጫጫታ

ክረምት ላይ ነው። ደሴ ጭጋግ ለብሳለች፤ የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም። እኔና አንድ ተማሪዬ ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅረን ከአንዲት ቀይ ኤልኢዲ ጋር እንታገላለን። ኤልኢዲዋ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሦስት ሜትር ርቀን ብርሃን የሚቀበል ፎቶዳዮድ ተክለናል። የምንፈልገው የእሷን ብርሃን ብቻ መለካት ነው። የመስኮቱን አይደለም፤ የጣሪያውን ፍሎረሰንትም አይደለም።

ለዚሁ ብለን የበየድናት ሰርኪት ቁጥር ሰጠችን። ደስ አለን። ተማሪዬ ግን ሳይፈትን የሚያምን ልጅ አይደለም። ኤልኢዲዋን በመዳፉ ሸፈናት። ቁጥሩ ዜሮ መግባት ነበረበት። አልገባም። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ቀጠለ።

«ቲቸር፣ ታዲያ እስካሁን ስንለካ የዋልነው ምኑን ነው?»

ጥያቄው ልክ ነው። ለመመለስ ግን መጀመሪያ ዕቃዋ ምን እንደምትሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ስሟ ሎክ-ኢን አምፕሊፋየር ነው።

አምፕሊፋየር ሲባል ሠርግ ቤት ሞንታርቦ የሚያስጮኸው ነገር ትዝ ይለናል። እሱ የሰጡትን ሁሉ ያጎላል። ዘፈኑንም፣ የማይኩን ፉጨትም፣ ጓሮ የሚንደቀደቀውን ጄነሬተርም። ላብ ውስጥ ያለው ጣጣ ይኸው ነው። የምንለካው ነገር ብዙ ጊዜ ከጫጫታው በታች ተቀብሯል። እሱን ስናጎላ ጫጫታውም አብሮ ይጎላል።

በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ማለትም ከረንት የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ ውሰዱ። ባትሪ ባይገናኝበትም፣ ማንም ባይነካውም፣ ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች በክፍሉ ሙቀት ብቻ ይራወጣሉ። ይህ መራወጥ ቮልቴጅ ይፈጥራል። እስከ 1 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ እስከ ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገበውን ሁሉ (ኸርዝ ማለት በሰከንድ አንድ ጊዜ ነው)፣ አንድ ላይ ብንሰማው 4 ማይክሮቮልት (4,000 ናኖቮልት) ያህል ይሆናል። የምንፈልገው ሲግናል ደግሞ 100 ናኖቮልት ነው እንበል። ጫጫታው 40 እጥፍ ይበልጠዋል። ሺህ ጊዜ አጉሉት፣ ሚሊዮን ጊዜ አጉሉት፣ ያው 40 እጥፍ ነው። ይህም ማጉያው የራሱን ጫጫታ ካልጨመረበት ነው፤ መጨመሩ ደግሞ አይቀርም።

ሎክ-ኢን ይህንኑ 100 ናኖቮልት ከተቀበረበት ጎትቶ ያወጣዋል። ጆሮው ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም። ሲግናሉ መቼ እንደሚመጣ ቀድሞ ስለተነገረው ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር እኔም በደንብ የገባኝ ለአክስቴ ሳስረዳ ነው። አክስቴ ባቲ ውስጥ ቡና እያፈላች ትሸጣለች። አንድ ቀን ልጠይቃት ከኮምቦልቻ ወረድኩ። አዲስ ሬዲዮ ገዝታለች።

«ሰው ይስብልኛል ብዬ ነበር» አለችኝ። «መሳቡን ግን በምን አውቃለሁ?»

«ቀላል ነው። አንድ ቀን ክፈቺው፣ አንድ ቀን ዝጊው። የሸጥሽውን ስኒ ቁጠሪ።»

«ሰኞስ?» አለች ወዲያው። «ሰኞማ ሬዲዮ ኖረም አልኖረም አገር ምድሩ ይሞላል። የተከፈተው ሰኞ ከዋለ ሬዲዮው ነው ያመጣው ልትለኝ ነው? አንተ ልጅ፣ ትምህርቱ ይኸ ነው?»

አክስቴ ሳታውቀው የሎክ-ኢንን ዋና ጥያቄ ጠየቀች። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ከአፋር ቆላ ግመሉን እየነዳ የሚወጣው፣ ከደጋው እህል ጭኖ የሚወርደው፣ ሁሉም ያን ቀን እዚያ ነው። በሌላው ቀን 60 ስኒ የምትሸጥ ሴት ሰኞ 200 ብትሸጥ አይገርምም። ሬዲዮው ስቦ የሚያመጣው ምናልባት 5 ስኒ ቢሆን ነው። 5ን ከ200 ውስጥ ማን ይለያታል?

ግን አስተውሉ። ሬዲዮው ዙሩን በሁለት ቀን ይጨርሳል፤ ክፍት፣ ዝግ። ገበያው በሰባት ቀን አንዴ ይመጣል። ሰባት ለሁለት እኩል አይከፈልም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሰኞ ሬዲዮው ክፍት ከሆነ በሚቀጥለው ሰኞ ዝግ ነው። ከዚያ ክፍት፣ ከዚያ ዝግ። አሁን የክፍቱን ቀን ሽያጭ እየደመርን፣ የዝጉን እየቀነስን መዝገብ እንያዝ። ሰኞ አንዴ 200 ተደምሮ፣ አንዴ 200 ተቀንሶ ይገባል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የሬዲዮው 5 ስኒ ግን ሁልጊዜ የምትገባው በመደመሩ በኩል ብቻ ነው። እሷ የሚያጠፋት የለም፤ ትጠራቀማለች።

ዝናብ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የመኪና ብልሽት ደግሞ ቀን አይመርጡም። አንዳንዴ በክፍቱ ቀን፣ አንዳንዴ በዝጉ ቀን ይወድቃሉ። እነሱም ይቻቻላሉ፤ ግን ቀስ ብለው። ሽያጩ ከቀን ቀን በ10 ስኒ ያህል ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የመዝገቡ ስህተት ገና 5 ስኒ ገደማ ነው። ከምንፈልጋት ነገር ጋር እኩል ማለት ነው። ምንም አልያዝንም። ስምንት ሳምንት ከተቆጠረ ወደ 2.7 ይወርዳል። ጫጫታን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ መጠበቅ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም፤ ስንት ሚሊዮን ብር መሣሪያ ብትገዙም የለም።

አክስቴ ሬዲዮውን ሰኞ ሰኞ ብቻ ብትከፍተው ኖሮስ? መዝገቡ ሬዲዮው 140 ስኒ ይጨምራል ይል ነበር። በየሳምንቱ የሚደገም፣ የማያወላውል፣ ያማረ ቁጥር። ግን ውሸት። እኔን የሚያስፈራኝ ከሚንቀጠቀጥ ቁጥር ይልቅ እንዲህ ያለው ነው።

ሎክ-ኢን የሚሠራው ይህንኑ የመደመርና የመቀነስ ሥራ ነው። ልዩነቱ በሁለት ቀን አንዴ ሳይሆን በሰከንድ ሺህ ወይም ሚሊዮን ጊዜ መሥራቱ ነው። የምንለካውን ነገር መጀመሪያ እኛው ምት እንሰጠዋለን። ብርሃን ከሆነ ብልጭ ድርግም እናደርገዋለን። ብረት ከሆነ ተለዋዋጭ ከረንት እንሰድበታለን። ያንኑ ምት በሌላ ገመድ ለመሣሪያው እንነግረዋለን፤ ይህ ሪፈረንስ ይባላል። መሣሪያው የገባለትን ሁሉ፣ ሲግናሉንም ጫጫታውንም፣ በሪፈረንሱ ያባዛል። ከዚያ አማካይ ያወጣል። አለቀ። ማባዛትና አማካይ ማውጣት ነው። የአክስቴ መደመር በ+1፣ መቀነስ በ-1 ማባዛት ማለት ነው።

ሁለት ሞገዶች ሲባዙ ሁለት አዳዲስ ሞገዶች ይወለዳሉ። አንደኛው ድግግሞሹ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) የሁለቱ ድምር ነው፤ ሌላኛው የሁለቱ ልዩነት። ሪፈረንሱ 1,000 ኸርዝ፣ ሲግናሉም 1,000 ኸርዝ ከሆነ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ዜሮ ኸርዝ ማለት የማይንቀሳቀስ፣ ቀጥ ያለ ቮልቴጅ ነው። 1,300 ኸርዝ ላይ የተቀመጠ ጫጫታ ግን 300 እና 2,300 ሆኖ ይወጣል። አማካይ ሲወጣ ከፍ ዝቅ የሚለው ይደፋፋል፤ ቀጥ ያለው ብቻ ይቀራል።

አማካዩ የሚወጣበት ጊዜ ታይም ኮንስታንት ይባላል። 1 ሰከንድ ላይ ካደረግነው፣ በጣም ተራው ፊልተር እንኳ የሩብ ኸርዝ ስፋት ያለውን ጫጫታ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሬዚስተራችን ጋ እንመለስ። 4 ማይክሮቮልት የነበረው ጫጫታ ወደ 2 ናኖቮልት ይወርዳል። 100 ናኖቮልቱ አሁን ከጫጫታው 50 እጥፍ በልጦ ቁጭ ይላል። ቁጥሩ እስኪረጋጋ 5 ሰከንድ ያህል ትጠብቃላችሁ፤ ክፍያው እሱ ነው።

አሁን ተማሪዬ ወደ ሸፈናት ኤልኢዲ እንመለስ።

የአገራችን የመብራት መስመር 50 ኸርዝ ነው። ፍሎረሰንቱ በአንድ ዙር ሁለቴ ቦግ ስለሚል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ርግብግቡ ንጹሕ ሞገድ አይደለም። ስለዚህ 200፣ 300፣ 400 እያለ ከ1,000ም በላይ የሚዘልቅ ዘር ማንዘር አለው። እኛ ደግሞ ከቁጥር ሁሉ መርጠን ኤልኢዲዋን ልክ 1,000 ላይ አስቀመጥናት። ለምን? ክብ ቁጥር ደስ ስለሚል። ሬዲዮን ሰኞ ሰኞ ብቻ መክፈት ማለት ይህ ነው።

ቁጥሩ የሚወዛወዘው መስመሩ 50 ላይ ቀጥ ብሎ ስለማይቆም ነው። 50.02 ቢሆን ሃያኛው ልጁ 1,000.4 ይሆናል። ከእኛ 1,000 ጋር ያለው ልዩነት 0.4 ኸርዝ ነው። በየሁለት ሰከንድ ተኩሉ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ። እንዳየነው።

ድግግሞሹን 1,037 አደረግነው። ተማሪዬ ሸፈናት፤ ዜሮ። ለቀቃት፤ ቁጥሩ መጣ። ፍሎረሰንቱን አጠፋው፣ አበራው፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ልጁ ይህን አራት አምስቴ ደጋገመው። እኔም አላስቆምኩትም።

አክስቴ ግን ገና አልጨረሰችም። ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳች «ሬዲዮ የሰማ ሰው እኮ የዚያኑ ቀን ላይመጣ ይችላል» አለች። «ለጎረቤቱ ነግሮ በማግስቱ ይዞት ይመጣል።»

ወላሂ፣ ይቺ ሴት ፊዚክስ ብትማር ኖሮ! ሁሉም በማግስቱ የሚመጣ ከሆነ፣ ሬዲዮው ያመጣቸው 5 ሰዎች ዝግ በሆነው ቀን ይቆጠራሉ። መዝገቡ በመቀነስ 5 ይላል፤ ሬዲዮው ሰው ያባርራል እንደማለት። ግማሽ ቀን ከዘገዩ ደግሞ ግማሾቹ እዚህ፣ ግማሾቹ እዚያ ይገባሉ። ውጤቱ ዜሮ። ሰው መጥቷል፣ ቡና ተጠጥቷል፣ መዝገቡ ግን ምንም የለም ይላል።

መፍትሔው ሁለት መዝገብ መያዝ ነው። አንዱ ከጠዋት እስከ ጠዋት ይቆጥራል። ሌላው ከእኩለ ቀን እስከ እኩለ ቀን። ሲግናሉ ከአንዱ ቢያመልጥ ከሌላው አያመልጥም። ከሁለቱ ቁጥሮች የሲግናሉን እውነተኛ መጠንም፣ የመዘግየቱን ልክም ማስላት ይቻላል። የዛሬ ሎክ-ኢኖች ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ናቸው። ሁለቱን መዝገቦች ኤክስ እና ዋይ ይሏቸዋል። መዘግየቱ ደግሞ ፌዝ ነው፤ በዲግሪ ይለካል፤ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ።

ይቺን መዘግየት ያዟት። ከፍ ያለ ድግግሞሽ ላይ ስንደርስ ራስ ምታት የምትሆነው እሷ ናት።

ስለ ታሪኩ ጥቂት። የሎክ-ኢን አባት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠራው በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዲኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ሥራ አንቴናውን ከታወቀ የሙቀት ምንጭ ጋር እያፈራረቀ በማነጻጸር እጅግ ደካማ የማይክሮዌቭ ጨረር ለካ። ክፍት፣ ዝግ፣ ክፍት፣ ዝግ፤ ያው ነገር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፕሪንስተን አፕላይድ ሪሰርች የተባለውን ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሆነና መሣሪያው ለገበያ ወጣ። ራሱ ዲኪ ግን ሐሳቡን ሳላገኘው አልቀርም ያለው የብሪን ማር ኮሌጁ ዋልተር ማይክልስ ከጻፈው ነው። ማይክልስ ከባልደረባው ጋር ስለ ሎክ-ኢን አምፕሊፋየር እ.ኤ.አ. በ1941 ጽፏል። ምስጋናን ወደ ባለቤቱ የሚመልስ ሳይንቲስት ደስ ይለኛል።

እስካሁን የተጫወትነው ሺህ ኸርዝ ሰፈር ውስጥ ነው። ሰዎች ወደ ሚሊዮንና ወደ መቶ ሚሊዮን ኸርዝ ለምን ይወጣሉ?

አንደኛው ምክንያት ጫጫታ ታች ላይ ስለሚበዛ ነው። ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ ነገር ሁሉ ታች ነው ያለው። ጠዋት ደሴ ላይ ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲወጣ የሰርኪቱ ዜሮ ራሱ ቦታ ይለቃል። ትራንዚስተርም፣ ሌዘርም የየራሳቸው ዘገምተኛ ጫጫታ አላቸው። ብዙ ሌዘሮች ጸጥ የሚሉት ከጥቂት ሜጋኸርዝ በላይ ነው። እዚያ የሚቀረው ብርሃን ከቅንጣቶች መሠራቱ ብቻ የሚያመጣው ጫጫታ ነው፤ እሱን ማንም አያጠፋውም።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ራማን የሚባለውን የብርሃን መበተን በሁለት ሌዘር እየቀሰቀሱ ሕዋስ የሚያዩ ማይክሮስኮፖች አሉ። የሚፈልጉት ለውጥ ከሌዘሩ ብርሃን ውስጥ ከአሥር ሺህ አንድ፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን አንድ ነው። ምስሉ 512 በ512 ነጥብ ነው እንበል፤ ከ262 ሺህ በላይ ነጥብ ማለት ነው። በ1,000 ኸርዝ ብንሠራ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ዙር ብቻ ብንሰጠው እንኳ ምስሉ ከአራት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አንድ ዙር ደግሞ ምንም አማካይ አይሆንም። በ20 ሜጋኸርዝ ግን ለአንድ ነጥብ 10 ማይክሮሰከንድ ብንሰጥ በውስጧ 200 ዙር አለ። ምስሉ በሙሉ በ2.6 ሰከንድ ያልቃል። ሕዋሱ ሳይንቀሳቀስ ተያዘ።

ሦስተኛው ቀላል ነው። አንዳንዱ ነገር የሚኖረው እዚያው ላይ ነው። በሚሊዮኖች ኸርዝ የሚንቀጠቀጥ ጥቃቅን የሲሊከን ምላስ በ1,000 ኸርዝ ብትለምኑት አይመልስላችሁም።

ጥሩ፤ ታዲያ ቁልፉን ወደ ላይ አዙሮ መሥራት ነዋ! እዚህ ላይ ነው ገመድ የሚባለው ነገር ጠባዩን የሚቀይረው።

በተለመደው ኮአክሲያል ገመድ (መሀሉ ሽቦ፣ ዙሪያው የብረት ሽፋን፣ እንደ ዲሽ ገመድ ያለ) ውስጥ ሲግናል በአንድ ናኖሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ቢሊዮንኛ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ሜትር ለመሄድ 5 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል። በ1,000 ኸርዝ አንድ ዙር ሚሊዮን ናኖሰከንድ ነው፤ 5ቷን ማንም አይቆጥራትም። በ100 ሜጋኸርዝ ግን አንድ ዙር 10 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። 5 ግማሹ ናት። አንድ ሜትር ገመድ ሲግናሉን 180 ዲግሪ ገለበጠው ማለት ነው። መደመሩ መቀነስ ሆነ።

በ1,000 ኸርዝ ተመሳሳይ መገለባበጥ ለማየት ስንት ገመድ ያስፈልጋል? መቶ ኪሎ ሜትር። ከደሴ ጀምረን ሐይቅን አልፈን፣ ውጫሌን አልፈን፣ መርሳን ተሻግረን ወደ ወልድያ እየተቃረብን እንዘረጋለን። እዚያ ላይ መቶ ኪሎ ሜትር የነበረው ጣጣ እዚህ አንድ ሜትር ሆኖ ጠረጴዛችሁ ላይ ተጠምዞ ቁጭ ብሏል።

ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከተማሪዬ ጋር ያደረግነው እንዲህ ነው። ሲግናል ጄነሬተሩን፣ ማለትም ሞገድ አመንጪውን፣ 20 ሜጋኸርዝ ላይ አደረግን። ሲግናሉን ለሁለት ከፍለን በሁለት ገመድ ወደ ኦሲሎስኮፑ (የሞገድ ቅርጽ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ላክነው። ሁለቱም አንድ አንድ ሜትር ሲሆኑ ሞገዶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተኙ። ከዚያ አንደኛውን በስድስት ሜትር ገመድ ቀየርነው። አምስት ሜትር ትርፍ፣ 25 ናኖሰከንድ፣ ልክ ግማሽ ዙር። ስክሪኑ ላይ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ልጁ ዝም ብሎ ገመዱን አየ፣ ስክሪኑን አየ። «ምንም ሳንነካው?» አለ። ምንም አልነካነውም። ገመድ ነው ያረዘምነው።

ገመዱ ሌላም ጉድ አለው። መሀሉና ሽፋኑ አንድ ላይ ሆነው ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ናቸው፤ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል። ይህ በ1,000 ኸርዝ እንደ 1.6 ሚሊዮን ኦም ነው፤ የሌለ ያህል። በ100 ሜጋኸርዝ ግን 16 ኦም ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ሰፈር ሁሉም ነገር በ50 ኦም ይስማማል፦ ምንጩም፣ ገመዱም፣ መቀበያውም። ካልተስማሙ ሲግናሉ መገጣጠሚያው ላይ ተጋጭቶ ይመለሳል። ገበያ ውስጥ እንደልብ የሚገኘው የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው። ከ50 ኦም ጋር ብትቀጥሉት ከቮልቴጁ አንድ አምስተኛው መገጣጠሚያው ላይ ወደ ኋላ ይመለሳል። እኛን ያዳነን ከድሮ የኮምፒውተር ኔትወርክ የተረፈ ጥቅል ነው። እሱ 50 ኦም ነበር። ዕቃ አይጣልም የምለው ለዚህ ነው።

ለከፍተኛ ድግግሞሽ የተሠሩት መሣሪያዎች እንግዲህ ይህን ሁሉ ተቋቁመው ማባዛት አለባቸው። በሁለት መንገድ ይሄዱበታል።

አንደኛው እንደ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ጣቢያውን ሲይዝ የመጣውን ሞገድ ራሱ ከሚያመነጨው ሌላ ሞገድ ጋር ያባዛና ወደ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው። እውነት ለመናገር ሬዲዮና ሎክ-ኢን የአጎት ልጆች ናቸው። ልዩነቱ፣ ሬዲዮ የሩቁን ጣቢያ ምት መገመት አለበት፤ ሎክ-ኢን ግን ምቱ በገመድ ይነገረዋል። ስታንፎርድ ሪሰርች ሲስተምስ የሚሠራው ኤስአር 844 የመጣውን ሞገድ በአናሎግ ሰርኪት አባዝቶ ወደ ታች የሚያወርድ ነው። ከ25 ኪሎኸርዝ እስከ 200 ሜጋኸርዝ ይለካል። የዚያው ድርጅት ታዋቂው ኤስአር 830 ግን 102.4 ኪሎኸርዝ ላይ ያቆማል። ስለዚህ ላባችሁ ውስጥ ሎክ-ኢን አለ ሲባል ደስ ከማለታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ሁለተኛው መንገድ ሞገዱን እንደመጣ ወደ ቁጥር ለውጦ ማባዛቱን በዲጂታል ቺፕ መሥራት ነው። ለዚህ በአንድ ዙር ቢያንስ ከሁለት ጊዜ በላይ መለካት ግድ ነው፤ አለዚያ ፈጣኑ ሞገድ ዘገምተኛ መስሎ ያታልላል። የዙሪክ ኢንስትሩመንትስ ዩኤችኤፍ ሎክ-ኢን 600 ሜጋኸርዝ ድረስ ይደርሳል። ይህን ለማድረግ በሰከንድ 1.8 ቢሊዮን ጊዜ ይለካል። የዚህ ጥቅሙ አንዴ ቁጥር ከሆነ በኋላ ማባዣው በሙቀት አይለዋወጥም፣ ዜሮው አይሸሽም። አናሎጉ ግን የክፍሉን ሙቀት ያውቃል።

የእነዚህ ዋጋ ለእኛ ላብ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ በትንሽ ሚክሰር፣ ማለትም ማባዣ ቺፕ፣ የራሳችንን ለመሥራት ወሰንን። ርካሽ ሌዘር ዳዮድ በ20 ሜጋኸርዝ አንቀጠቀጥን። ፈጣን ፎቶዳዮድ ከፊቱ አደረግን። የሚክሰሩን ውጤት በተራ ሬዚስተርና ካፓሲተር አጣርተን ወደ መልቲሜትር ላክነው። ቁጥር መጣ። ተማሪዬ ልማዱ ነው፤ መዳፉን ዘርግቶ ጨረሩን ሸፈነ።

ዜሮ አልሆነም።

የአክስቴን ወሬ ነግሬው ነበርና ዘወር ብሎ «ይሄኛውስ የማን ሰኞ ነው?» አለኝ።

የራሳችን ነው። ለሌዘሩ የምንልከው የ20 ሜጋኸርዝ ሞገድ በገመዱ ብቻ አይሄድም። በአየርም፣ በጋራ ግራውንድም (የሰርኪቶቹ የጋራ መመለሻ መስመር)፣ ጎን ለጎን በተጋደሙ ገመዶችም ሾልኮ መቀበያው ጋ ይደርሳል። በ1,000 ኸርዝ ይህ መሹለክ ከቁጥር አይገባም ነበር። በ20 ሜጋኸርዝ ግን የሁለት ሳንቲ ሜትር ባዶ ሽቦ እንኳ እንደ አንቴና ትሠራለች። ሎክ-ኢን ደግሞ ይህን ጫጫታ ጫጫታ ነው ብሎ ሊያውቀው አይችልም። ድግግሞሹ ከሲግናሉ ጋር አንድ ነው፤ ምቱም አንድ ነው። እንደ ፍሎረሰንቱ ወደ 1,037 ብለን አንሸሸውም፤ በሄድንበት ይከተለናል። ታይም ኮንስታንቱን አንድ ሰዓት ብናደርገውም አይቀንስም። ይልቁንም እያማረበት ይሄዳል።

የሠራነው ይህን ነው። የሌዘሩን ገመድ ወደ ጠረጴዛው አንድ ጫፍ፣ የፎቶዳዮዱን ወደ ሌላው ጫፍ ወሰድን። ፎቶዳዮዱን የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አስገብተን ቆርቆሮውን ከግራውንድ ጋር በየድነው። ትርፍ ሽቦዎችን ቆረጥን። ቁጥሩ ብዙ ወረደ። ጨረሩ ሲሸፈን ግን አሁንም ትንሽ ይቀራል።

ያችን ቀሪ ከልኬቱ ላይ ከመቀነስ ሌላ አማራጭ የለም። ለመቀነስ ደግሞ ፌዟም መታወቅ አለበት፤ ሁለቱ መዝገቦች ያስፈልጋሉ። ሚክሰራችን አንድ ብቻ ናት። ትንሽ ካሰብን በኋላ ከዚያ ከአሮጌው ጥቅል ሁለት ሜትር ተኩል ቆረጥን። 12.5 ናኖሰከንድ፤ በ20 ሜጋኸርዝ ልክ ሩብ ዙር። ሪፈረንሱ ላይ ስንቀጥለው ሁለተኛው መዝገብ ተከፈተ፤ ስንነቅለው የመጀመሪያው። አሁን በየልኬቱ አራት ቁጥር እንጽፋለን፦ ጨረሩ ተከፍቶ ሁለት፣ ተሸፍኖ ሁለት። ገመዱን የሚሰካና የሚነቅለው እኔ ነኝ። መሸፈኑን ልጁ አልሰጥም ብሏል።